የሊኑክስ ማሽን ስም ከነአባቱ

ሊኑክስ ላይ አንድ ኮምፒውተር ሁለት ክፍል ያለው ስም አለው። አንዱ የራሱ ስም ነው፤ ሆስትኔም ይባላል። ሌላው ዶሜን ነው፤ ማሽኑ የየትኛው ቤት እንደሆነ ይናገራል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይሄ አይከብድም። ስማችንን ከራሳችን ጀምረን ወደ አባት፣ ከዚያ ወደ አያት እንጠራለን። የማሽንም ስም እንደዚያው ነው። በነጥብ እየተያያዘ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሄዳል፤ እዚህ አገር የተመዘገበ ከሆነ ነጥብ ኢቲ ላይ ያበቃል።

የራሱን ስም በሆስትኔምሲቲኤል ትእዛዝ መቀየር ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው ዶሜኑ ላይ ነው። ዶሜንኔም የሚል ትእዛዝ ያገኝና በቃ ተገላገልኩ ይላል። ያ ትእዛዝ ግን ኤንአይኤስ ለሚባል የቆየ አሠራር ነው፤ የማሽኖችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ከሚተረጉመው ከዲኤንኤስ ጋር አይገናኝም። እኔም አንድ ሙሉ ከሰዓት ያቃጠልኩት እዚያ ላይ ነው።

ትክክለኛው ቦታ ስምና አድራሻ አብረው የሚጻፉበት፣ ሆስትስ የሚባለው ፋይል ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ 127.0.1.1 ተብሎ (ማሽኑ ራሱን የሚያገኝበት አድራሻ ነው) ይጻፍና መጀመሪያ ሙሉ ስሙ፣ ቀጥሎ አጭሩ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማሽኑ ዶሜኑን አያውቅም። ይህ ፋይል ከዲኤንኤስም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን እስኪነድፍ ድረስ ኔትወርኩ የሚመራው በእንዲህ ያለ የስም ዝርዝር ነበር።

ማሽኑ ዲኤንኤስን የት እንደሚጠይቅ የሚያይበት ሪዞልቭ ኮንፍ የሚባለው ፋይል ላይ ሰርች የሚል መስመር አለ። እሱ አጭር ስም ሲፈለግ ዶሜኑን ከኋላ ይቀጥላል እንጂ ለማሽኑ ስም አያወጣም። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ፋይሉን ሲስተሙ ራሱ ስለሚጽፈው በእጅ የተነካው ይጠፋል።

ይሄ ሁሉ ዋጋው የሚታየው አዲስ አበባ ዳር ነው። ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት እናስብ። ሦስት አራት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ ፋይል ይይዛል። መብራት ሄዶ ይመጣል፤ ኔት ግን ሳይመለስ ይቆያል። ስማቸውና አድራሻቸው በየማሽኑ ሆስትስ ፋይል ላይ ከተጻፈ፣ አድራሻቸውም ቋሚ ከሆነ፣ ውጭ ማንንም ሳይጠይቁ ይገናኛሉ።

እንዲህ ላለ ቤት ዶሜን መግዛት ግድ አይደለም። ሆም ነጥብ አርፓ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቤት ኔትወርክ ተብሎ ተለይቷል። ሎካል የሚለውን መተው ይሻላል፤ ማሽኖች ያለ ሰርቨር እርስ በርስ ስም የሚጠያየቁበት ኤምዲኤንኤስ ይጠቀምበታል። ከራስ የፈጠሩት የስም መጨረሻም አያስተማምንም። ነጥብ ዴቭን ብዙ ባለሙያ ለሙከራ ይጠቀምበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለማንም ገዢ ክፍት ሆነ።

ሲያበቃ ሆስትኔም ብሎ ጭረት ኤፍ መጨመር ነው። ሙሉ ስሙ ከወጣ ደህና ነው። አጭሩ ብቻ ከወጣ ሆስትስ ፋይሉን ከፍቶ ያችን መስመር እንደገና ማየት ነው።