ኮንታክት ታይም ምንድን ነው?

አንድ ታካሚ ከጥርስ ሕክምናው ወንበር ተነሥቶ ቀጣዩ እስኪገባ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው፦ ፀረ ተሕዋስያኑ ወንበሩ ላይ ይረጫል፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ "ቀጣይ!" ይባላል። ወንበሩ ያብረቀርቃል፤ ተሕዋስያኑ ግን በአብዛኛው አልሞቱም።

ኮንታክት ታይም ማለት ፀረ ተሕዋስያኑ ያረፈበትን ገጽ አርሶ፣ ሳይደርቅና ሳይጠረግ መቆየት ያለበት ጊዜ ነው። ልኩ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ አንዱ 1 ደቂቃ ይላል፣ ሌላው 10። ለተለያዩ ተሕዋስያን የተለያየ ጊዜ ተጽፎ ከሆነ ረጅሙን ያዙ። ቆጠራው የሚጀምረው ገጹ ሙሉ በሙሉ ከራሰ በኋላ ነው። 10 ደቂቃ የሚፈልገው በ3ኛው ደቂቃ ከደረቀ ሥራው አልተሠራም፤ ዳግመኛ መርጠብ አለበት።

ኬሚካሉ የተሕዋስያኑን ሽፋን አልፎ ውስጣቸውን እስኪያበላሽ ጊዜ ይወስዳል። ቶሎ ከተጠረገ ደካሞቹ ብቻ ይሞታሉ፤ ሰም መሰል ሽፋን ያለው የቲቢ ባክቴሪያ ደግሞ በቀላሉ አይረታም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ እንደሚችል ማስታወስ ይበቃል።

ከጊዜው በፊት ግን ጽዳት ይቀድማል። ደምና ምራቅ ክሎሪንን ያዳክማሉ፤ በቆሸሸ ገጽ ላይ የፈሰሰ ፀረ ተሕዋስያን ኃይሉን የሚጨርሰው በቆሻሻው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ዙር ነው፦ በአንዱ ጨርቅ ቆሻሻው ይነሣል፣ ጨርቁ ይጣላል፤ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ገጹ በደንብ ይርሳል፣ ከዚያ ይተዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ቦታዎች በእጅ የሚነኩት ናቸው፦ የመብራቱ እጀታ፣ የወንበሩ ማዘዣ ቁልፎች፣ ምራቅ የሚስበው የሳክሽኑ ቱቦ፣ የመሳቢያው መያዣ። በቁልፎቹ መካከል ያለው ስንጥቅ በጨርቅ ስለማይደረስ እዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚቀየር የፕላስቲክ ሽፋን ይሻላል።

በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የክሎሪን ፐርሰንት በምትፈልጉት ፐርሰንት አካፍሉና 1 ቀንሱ፤ የሚቀረው ለ1 እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ እጅ ነው። 5% የሆነውን ወደ 0.5% ለማውረድ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ። ይህ ደም ለፈሰሰበት ቦታ ነው፤ ከተጸዳ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆያል። ለ0.1% ደግሞ 20 ሚሊ ሊትር በ980 ሚሊ ሊትር። ሁሉም በረኪና 5% አይደለም፤ ጽሑፉን ሳታነቡ አትበጥብጡ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሙቀት ክሎሪኑን ያበላሻል። ውህዱ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ ዕቃው ላይም የተበጠበጠበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። በረኪና ብረት ስለሚበላ ኮንታክት ታይሙ ሲሞላ ገጹ በንጹሕ ውሃ ይወልወል። ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

"አወፍረን ከበጠበጥነው ቶሎ ይገድላል" የሚለው ልማድ መቅረት አለበት። የሚያተርፈው የዛገ ዕቃና የሠራተኛ ሳል ነው።

አልኮል ሌላ ጣጣ አለው። 70% የሆነው ጥሩ ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይተናል፤ ሰፊ ወንበር ላይ 1 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይደርቃል። ለትንንሽ ነገሮች ተዉት። 96% ይበልጣል የሚሉም አሉ፤ አይበልጥም። አልኮል የተሕዋስያኑን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃ ያስፈልገዋል፣ ያለ ውሃ ደግሞ የበለጠ ቶሎ ይደርቃል።

በሁለት ታካሚዎች መካከል ያላችሁ 5 ደቂቃ ከሆነ 10 ደቂቃ የሚጠይቅ ፀረ ተሕዋስያን ለዚያ ክፍል አይሆንም፤ ግዢው ሲፈጸም መታየት ያለበት ይህ ነው። ወንበሩን ታካሚው እንደወጣ መጀመሪያ አጽዱና አርሱት፤ ያገለገሉትን መሣሪያዎች ማንሣቱና ካርድ መጻፉ ገጹ ርሶ እስኪቆይ ድረስ ይከናወናል።