ስሜትን በእንግሊዝኛ መናገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ስለ ሥራ ወይም ስለ ጉዞ ብጠይቃቸው ደህና አድርገው ይመልሳሉ። ስለ ስሜታቸው ወይም ስለ ፍቅር ሕይወታቸው ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። ከዚያ የለመድኩት ልመና ይከተላል፦ «ቃላት የለንም፤ የቃላት ዝርዝር ላኩልን»። ዝርዝር መላክ ካቆምኩ ቆየሁ።

«ችግሬ የቃላት እጥረት ነው»

አይደለም። ሃፒ፣ ሳድ፣ አንግሪ፣ ቦርድ፣ ዎሪድ የሚሉትን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ቃሉ አለ። ችግሩ ቃሉ የሚገባበት ዓረፍተ ነገር ከአማርኛ እንዳለ መቀዳቱ ነው።

እስቲ የራሳችንን ቋንቋ ልብ ብላችሁ ስሙት። ደበረኝ፣ ሰለቸኝ፣ ቆጨኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደስ አለኝ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ነው፤ እኛ የሚደርስብን ነን። «እኔ» ያለሁት ግሱ መጨረሻ ላይ፣ «ኝ» ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል። ሰውየው ፊት ይወጣና «አይ አም» ብሎ ይጀምራል። በነገራችን ላይ ፈራሁ እና ተናደድኩ የሚሉት ግሶች በአማርኛም ሰውየውን ባለቤት ያደርጋሉ። እነሱ ላይ ተማሪ ሲሳሳት ብዙም አላይም።

ግልበጣውን ያልለመደ ሰው «ናፈቅሽኝ» ለማለት ምን ይላል? «ዩ ሚስድ ሚ»። አንድ ተማሪዬ ሩቅ አገር ላለች ፍቅረኛው ይህንኑ ጽፎ ላከላት። እሷ እንግሊዝኛውን ጠንቅቃ ስለምታውቅ «በራስህ በጣም ትተማመናለህ» ብላ መለሰችለት። ሰውየው የጻፈው «ናፍቄሽ ነበር» ነዋ! ትክክለኛው «አይ ሚስ ዩ» ነው። ናፋቂው ይቀድማል፣ የተናፈቀው ይከተላል።

ጊዜውም ያሳስታል። «ናፈቅሽኝ» ቅርጹ ኃላፊ ነው፤ ስሜቱ ግን የአሁን ነው። «ደከመኝ» ያለ ሰው አሁን ነው የደከመው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። አሁን ከናፈቀቻችሁ «ሚስ» ነው። «አይ ሚስድ ዩ» በአብዛኛው የሚባለው ከተገናኛችሁ በኋላ፣ ናፍቆቱ ሲወጣ ነው።

እዚሁ ሥር የበቀለው ሌላው አረም «አይ አም ቦሪንግ» ነው። ተናጋሪው «ደበረኝ» ማለቱ ነው። የተሰማው ግን «እኔ ደባሪ ሰው ነኝ» የሚል ነው። በ«ኢንግ» የሚያልቀው ቅጽል ስሜቱን ለሚፈጥረው ነገር ነው፤ በ«ኢድ» የሚያልቀው ስሜቱ ለደረሰበት ሰው። ፊልሙ ቦሪንግ፣ ተመልካቹ ቦርድ። ማብራሪያው ኮንፊውዚንግ፣ አድማጩ ኮንፊውዝድ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርባ «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ» ያለች ተማሪ ነበረችኝ። ሥራው እንደሚስባት መናገሯ ነበር። ጠያቂዎቹ ፈገግ ሲሉ እንደወደዷት ቆጠረችው። እኔ ሳስረዳት ግን ለሳምንት አኮረፈችኝ።

እንግዲህ ከእነዚህ ስህተቶች የትኛው ነው በአዲስ ቃል የሚስተካከለው?

«ብዙ ቃል ካወቅኩ ስሜቴን በደንብ እገልጻለሁ»

በየስልኩ የሚዞረውን ባለ ቀለም የስሜት ክብ አይታችኋል። ታዋቂውን የሠራው ሮበርት ፕሉቺክ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ.። 8 መሠረታዊ ስሜቶችን አስቀምጦ የትኛው ከየትኛው እንደሚቃረንና እንዴት እንደሚበረታ አሳየበት። ለመሸምደጃ አልሠራውም። ከእሱ የሚወሰደው የደረጃው ሐሳብ ነው። አኖይድ ቀለል ያለ መናደድ ነው፣ አንግሪ መሃል ላይ ነው፣ ፊዩሪየስ ጫፍ ነው። ጫፍ ላይ ለደረሰ ቃል ደግሞ «ቬሪ» አይጨመርም፤ «አብሶሉትሊ ፊዩሪየስ» ይባላል። ለንዴት፣ ለሐዘን፣ ለፍርሃትና ለደስታ ሦስት ሦስት ደረጃ ከያዛችሁ ለጊዜው ይበቃችኋል።

«አሼምድ፣ ኢምባረስድ እና ሻይ ሁሉም ማፈር ናቸው»

ሰው ፊት አዳልጧችሁ ብትወድቁ ኢምባረስድ ናችሁ። ዋሽታችሁ ህሊናችሁ ቢቆረቁራችሁ አሼምድ። ሻይ ግን ጠባይ ነው፤ ዓይነ አፋርነት። ደግሞ «ዋት ኤ ሼም» ያላችሁ ሰው አልሰደባችሁም። «ያሳዝናል፣ ሳይሆን ቀረ» ማለቱ ነው።

«አማርኛ ውስጥ የገባውን ቃል እንዳለ መልሼ እጠቀማለሁ»

ተጠንቀቁ። እኛ «ሙድ ያዘብኝ» ስንል ቀለደብኝ ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ሙድ» ከተባለ ሰውየው ከፍቶታል፣ አትጠጉት ነው። በድምፅ ብቻ የሚመሳሰልም አለ፦ ጀለስ እኛ ጋ ጓደኛ ነው፤ እነሱ ጋ ቀናተኛ። ጀለሳችሁን በእንግሊዝኛ ስታስተዋውቁ «ፍሬንድ» በሉ፣ ይቅርባችሁ።

«ላቨር ማለት ፍቅረኛ ነው»

በዛሬ እንግሊዝኛ ቃሉ አልጋን ያስታውሳል፤ ብዙ ጊዜም ድብቅ ግንኙነትን። ቦይፍሬንድ፣ ገርልፍሬንድ ወይም ፓርትነር በሉ።

«ሶሪ የሚባለው ሲያጠፉ ብቻ ነው»

ለሐዘንተኛም ይባላል፦ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»።

«ጥሩ እንግሊዝኛ ከባድ ቃል ይፈልጋል»

ስለ ፍቅርና ጠብ ሲወራ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ተወላጆቹ ስለ ግንኙነት የሚያወሩት ሕፃን በሚያውቃቸው ቃላት ነው። ብሬክ አፕ መለያየት ነው፤ ሜክ አፕ መታረቅ፤ ፎል አውት ተጣልቶ መኮራረፍ፤ ጌት አሎንግ መስማማት፤ ጌት ኦቨር ጉዳትን ረስቶ ማለፍ። «ዊ ሜድ አፕ» ሲሏችሁ ሜካፕ አትፈልጉ፤ ታርቀዋል። እነዚህን አምስቱን የያዘ ሰው የማንንም የፍቅር ታሪክ መከታተል ይችላል።

«መስተዋድድ ጥቃቅን ነገር ነው»

እሱን ለባለቤታችሁ ንገሩት። «ከእገሌ ጋር ተጋባሁ» የሚለውን እንዳለ ቀድተን «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን። የትዳር ጓደኛን ስትጠሩ «ሜሪድ ቱ» ነው። «ሜሪድ ዊዝ ቱ ኪድስ» የሚል ከሰማችሁ ሁለት ልጆች ያሉት ባለትዳር ማለት ነው፤ ልጆቹን አላገባም! ፕራውድ ኦፍ፣ አፍሬድ ኦፍ፣ ዎሪድ አባውት፣ ኢን ላቭ ዊዝ። አንግሪ በሰው ላይ ሲሆን ዊዝ ወይም አት ይከተለዋል፤ ስለ ጉዳይ ሲሆን አባውት። ቃሉን ስትይዙ ከነመስተዋድዱ ያዙት። ብቻውን የተጻፈ ቅጽል ደብተር ላይ ሳይ እሰርዘዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራ። ማታ ማታ ስለ ዋላችሁበት ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉ፤ እንግሊዝኛው «ቢኮዝ» ይኑርበት። «አይ አም ዎሪድ አባውት ማይ ሲስተር ቢኮዝ ሺ ኢዝ ሲክ» ያህል በቂ ነው። የሌላ ሰው ምሳሌ አትገልብጡ፤ የራሳችሁ ጉዳይ ይሁን፣ ያልተሰማን ስሜት አእምሮ ቶሎ ይጥለዋል። በማግስቱ አማርኛውን ብቻ እያያችሁ ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ በሉት፤ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። አማርኛው በ«ኝ» ካለቀ ከሥሩ አስምሩበት። ስህተት ካለ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው።