ካዛንቺስ፦ የስሙ ትርጉምና አመጣጥ

ካዛንቺስ በመሃል አዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የቆየ ሰፈር ነው። በአንድ በኩል ወደ ኡራኤል፣ በሌላ በኩል ወደ ቤተ መንግሥቱ ያወጣል። ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ስሙን ሲሰማ የሆነ የጥንት ሰው ስም ሊመስለው ይችላል። አይደለም። የአንድ መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል ነው።

ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ነው። «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ ብሔራዊ ተቋም ስም ነው፤ ረጅሙ ስም በመነሻ ፊደላቱ አጥሮ የተጠራበት። ተቋሙ ጣልያን አገር የተመሠረተው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ እኛ ያመጣው ወረራው ነው። ፋሺስት ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ከተማዋን በዘር ለመክፈል አቀደ። ጣልያኑ ለብቻው፣ ያገሩ ሰው ለብቻው። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ የሄደውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች በተቋሙ ስም ተጠሩ። እኛ ዛሬ በፍቅር የምንጠራው ስም ያገሬው ሰው እንዲርቅ ታስቦ ከተሠራ ሰፈር የመጣ ነው። ይህን ትቶ «የሠራተኞች ቤት ማለት ነው» ብቻ ማለት ታሪኩን ማጉደል ይመስለኛል።

የፖፖላሬ ሰፈር ስምም የዚያ ዘመን ነው። እሱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሠራን ቤት ያመለክታል። ቢሮክራቱና ወዛደሩ በስም ሳይቀር ተለያይተው ነበር ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ የአዲስ አበቤ ሆነ። በዳርቻው በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። ውስጥ ውስጡን ግን ካዛንቺስ የጠባብ መንደር፣ የምግብ ቤትና የምሽት ሙዚቃ ሰፈር ነበር። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፊ ክፍሉ ፈርሶ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ የከተማዋ አካባቢ ተዛውሯል።

አጻጻፉ አንድ ወጥ አይደለም። ሁለቱ ቃላት ሲገጥሙ የመሃሉ «ኢ» ተውጦ «ካዛንቺስ» ሆነ፤ «ካሳንቺስ» እና «ካዛንችስ» ተብሎም ይጻፋል። ታክሲ ውስጥ ማንኛውንም ቢሉ ረዳቱ ይገባዋል።