ኢሙሌተር ምንድን ነው? የኮምፒውተር ፕሮግራም በታብሌት ላይ

የአክስቴ ልጅ ከቢቸና ደወለችልኝ። ደብረ ማርቆስ አካውንቲንግ ትማራለች፤ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ሄዳ ነው። «ጋሼ፣ አዲሱ ታብሌቴ ላይ ፒችትሪን ልጭን ብል እምቢ አለኝ» አለችኝ። ፒችትሪ ለዊንዶውስ ኮምፒውተር የተሠራ የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ከጓደኛዋ ላፕቶፕ በፍላሽ ገልብጣለች። ስትነካው ግን አይከፈትም። የሸጠላት ሰው «ኮምፒውተር የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል» ብሏት ነበር። ታብሌቱ የተገዛው እናቷ ጤፍ ሸጠው በሰጧት ብር ነው። ለዚህ ነው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳት የፈለግኩት።

ታብሌቱ አልተበላሸም። አቅም አንሶትም አይደለም። ፒችትሪ የሚናገረውን ቋንቋ ስለማያውቅ ነው።

የማንኛውም ኮምፒውተር አንጎል ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰር የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። አንዱ ቁጥር «ደምር» ማለት ነው፣ ሌላው «አስቀምጥ»፣ ሌላው «አወዳድር»። ችግሩ እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም ፕሮሰሰር ላይ አንድ አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹ ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች ኢንቴል በ1978 ካወጣው 8086 ከሚባል ቺፕ የወረደ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ኤክስ 86 ይባላል። ስልኮችና አብዛኞቹ ታብሌቶች ደግሞ የሚናገሩት አርም የሚባለውን ነው። የመጀመሪያው የአርም ቺፕ በ1985 እንግሊዝ አገር፣ አኮርን በተባለ ኩባንያ ተሠራ። ትንሽ ኃይል ስለሚበላ ባትሪ ይቆጥባል። ኪስና ቦርሳ ውስጥ የገባውም በዚህ ነው።

ሁለተኛ እንቅፋትም አለ። ለዊንዶውስ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉን ነገር ብቻውን አይሠራም። «መስኮት ክፈትልኝ»፣ «ይህን አትምልኝ» እያለ ዊንዶውስን ይለምናል። ታብሌቱ ላይ ያለው አንድሮይድ ነው። ልመናውን ቢሰማም አይገባውም።

እዚህ ላይ ነው ኢሙሌተር የሚመጣው። ከዳንግላ ገጠር የመጡ፣ አዊኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ቀረቡ እንበል። ዳኛው አማርኛ ብቻ ነው የሚያውቁት። መሃል አስተርጓሚ ይቆማል። እናትየው ይናገራሉ፤ እሱ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ዳኛው ይጠይቃሉ፤ እሱ ወደ አዊኛ ይመልሳል። ኢሙሌተር ማለት ይህ አስተርጓሚ ነው። ራሱ ፕሮግራም ነው። ታብሌቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለመጣው ፕሮግራም ሌላ ማሽን ይመስለዋል። ፕሮግራሙ በኤክስ 86 የተናገረውን ተቀብሎ ለአርሙ ፕሮሰሰር በአርም ይነግረዋል።

አስተርጓሚ ያለበት ችሎት እንደሚንዛዛ ሁሉ ኢሙሌተርም ቀስ ይላል። አንዷ የኤክስ 86 ትእዛዝ በአርም ሦስት አራት ትእዛዝ ልትሆን ትችላለች። ጎበዝ አስተርጓሚ ግን ዘዴ አለው። የተደጋገመውን ያስታውሳል። አንዴ የተረጎመውን የፕሮግራም ክፍል ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥና፣ ያው ክፍል ሲመለስ ያለቀውን ትርጉም ያቀብላል። ፕሮግራም ደግሞ ድግግሞሽ ይወዳል፤ ያንኑ ስሌት ሺህ ጊዜ ይመላለስበታል። ስለዚህ ፍጥነቱ በጣም ይሻሻላል። እኔ ከዚህ ሙያ ሁሉ የምወደው ይህችን ብልሃት ነው።

በአንድሮይድ ላይ ዊንሌተር የሚባል አፕ አለ። ውስጡ ሁለት ሥራ ተከፋፍለው የሚሠሩ አሉ። ቦክስ 64 የፕሮሰሰሩን ቋንቋ ይተረጉማል። ዋይን የሚባለው ደግሞ ለዊንዶውስ የሚቀርበውን ልመና ተቀብሎ በዊንዶውስ ፋንታ ያስተናግዳል። ዋይን ከ1993 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ነው። አይፓድ ላይ ከ2024 ጀምሮ ዩቲኤም ኤስኢ የሚባል ኢሙሌተር ከአፕ ስቶር ይገኛል። ነገር ግን አፕል ያችን ትርጉም የማስቀመጥ ብልሃት ስላልፈቀደለት በጣም ይዘገያል። ለዕለት ሥራ አልመክረውም።

ታብሌት ልትገዙ ያሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ አለው ማለት ብቻውን አይበቃም። ማይክሮሶፍት በ2012 ሰርፌስ አርቲ የሚባል ታብሌት አወጣ። መልኩ ዊንዶውስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አርም ነው፤ አስተርጓሚ ግን አልነበረውም። ሰዎች የድሮ ፕሮግራማቸውን ይዘው መጥተው መጫን አቃታቸው። ዛሬ ዊንዶውስ 11 በአርም ላይ ሲሠራ የራሱ አስተርጓሚ አብሮት አለ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው የዊንዶውስ ታብሌት ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚም አያስፈልገው፤ አገሩ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ እዩት።

እንግዲህ ፒችትሪስ? ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው ማለት ነው። ለልጅቷ እውነቱን ነገርኳት። ቀላል ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ዊንሌተርን ሞክሪ እላት ነበር። ፒችትሪ ግን ብቻውን አይመጣም። ሂሳቡን የሚያስቀምጥለት ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ አብሮት ይጫናል፤ ከጀርባ ሆኖ ሁልጊዜ መሥራት አለበት። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ኢሙሌተር ላይ ቶሎ ይሰናከላል። ቢነሳ እንኳ የሰው ሂሳብ ላይ ሙከራ አይደረግም።

የሚያዋጣት ሌላ መንገድ ነው፤ ሪሞት ዴስክቶፕ። ይህ ትርጉም አይደለም። ፕሮግራሙ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል፤ ታብሌቱ ስክሪኑን ብቻ ያሳያል፣ የጣትሽን ንክኪ መልሶ ይልካል። ደብረ ማርቆስ ያለው ወንድሟ ላፕቶፕ አለው። ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን በነፃ ጫንበት አልኩት። መብራት ቢጠፋ ለተወሰነ ሰዓት በባትሪው ስለሚቆይ ላፕቶፕ መሆኑ ጠቅሟል። ላፕቶፑ እንዳይተኛ ሴቲንጉን አስተካከልን።

በማግስቱ ማታ ደወለች። ገብቶላታል። ችግሯ አሁን ጣቷ ነበር፤ የፒችትሪ ሜኑዎች ለማውስ የተሠሩ ስለሆኑ ይጠብባሉ፤ አንዱን ስትል ሌላው ይነካል። ከሰፈር ኦቲጂ፣ ማለትም ማውስን ከታብሌት የሚያገናኝ ማያያዣ፣ ገዝታ የድሮ ማውስ ሰካችበት። ቢቸና ሆና፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ላፕቶፕ ላይ፣ የመጀመሪያውን ጆርናል ኢንትሪ መዝግባ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነበር።