«የጣናን ሰማያዊ ቀላቅልልኝ»፦ ስለ ቀለም ምንጭ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ የቤት፣ የካፌና የእንግዳ ማረፊያ ቀለም በማማከር የሚተዳደር ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ ቢኖር «የጣናን ሰማያዊ ቀላቅልልኝ» የሚለው ነው። ጠያቂው ስልኩን ያወጣል፤ ከጀልባ ላይ ያነሣውን ፎቶ ያሳያል፤ ጣቱን ውኃው ላይ አሳርፎም «ይኸውልህ፣ ይህችኑ ነው የምፈልገው» ይላል። ከሥነ ጥበብ፣ ከንድፍ ሥራም ሆነ ከተፈጥሮ የቀለም ሐሳብ መውሰድ የሚደገፍ ነገር ነው፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በጉዳዩ ላይ ሥር የሰደዱ አንዳንድ እምነቶች ባለቤቱን ላልታሰበ ወጪ፣ ባለሙያውን ደግሞ ለማያልቅ ክርክር ስለሚዳርጉ፣ በጽሑፍ መልስ መስጠቱ ግድ ሆኖብኛል።

«ጣና ሰማያዊ ነው»

አይደለም። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 10 ሜትር አይሞላም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየተፋሰሳቸው ጠርገው የሚያመጡት ደለል ይገባበታል፤ በበጋም ነፋሱ ከሥር ያለውን ጭቃ ያናውጠዋል። ከዳር ቆሞ አሻግሮ ለሚመለከት ሰው ውኃው የሰማይን መልክ ያንጸባርቃል፤ ከጀልባው ጠርዝ ቁልቁል ለሚመለከት ግን ቡላ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ነው። ለአንድ ደንበኛዬ የሐይቁን ውኃ በጠርሙስ ቀድቼ ከነጭ ወረቀት ፊት አቆምኩለት፤ የቀጠነ ሻይ ይመስል ነበር። «ይኼማ ቆሻሻ ነው» አለኝ። እኔ ግን ከደረቀ ደንገልና ከጥቁር ድንጋይ ጋር የሚስማማ፣ ለእንግዳ መቀበያ ግድግዳ የሚመጥን ቡላ ሆኖ ነበር የታየኝ። ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው ሰማያዊ መምረጥ መብቱ ነው፤ የሰማዩን ቀለም በሐይቁ ስም ባይጠራው ግን ከመጀመሪያው እንግባባ ነበር።

«ቀለሙን ከፎቶው ላይ ለቅሜአለሁ፤ ኮዱ ይኸው»

ትዕግሥቴን ከሁሉ አብልጦ የሚፈታተነው ይህኛው ነው። ዛሬ ፎቶን በጣት ነክቶ የነጥቧን ቀለም በኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ በየስልኩ ላይ ይገኛል፤ ኮዱም ቁጥርና ፊደል ስለሆነ የማይሳሳት ይመስላል። ሆኖም ኮዱ የሚነግረን ስልኩ ምን እንደ ወሰነ ብቻ ነው። ካሜራው ፎቶ ሲያነሣ ነጭ የሚባለው ነገር በዚያ ብርሃን ምን ሊመስል እንደሚገባው ገምቶ ያሰላል፤ የቀረውንም ቀለም ሁሉ በዚያው ግምት ልክ ያስተካክላል። ብዙዎቹ ስልኮች ደግሞ ሰማዩን ይበልጥ ሰማያዊ፣ ቅጠሉን ይበልጥ አረንጓዴ አድርገው ያወጣሉ፤ ገዢ የሚወደው እንዲያ ነውና። የሚጠራጠር ሰው ከጓደኛው ጋር ሆኖ አንድን ግድግዳ በሁለት የተለያዩ ስልኮች በአንድ ጊዜ ያንሣና ኮዶቹን ያስተያይ። በአንዱ ስልክ እንኳ ጣትን ጥቂት ወደ ጎን ሲያንሸራትቱ ኮዱ ይለወጣል። ማዕበል ያለበት የሐይቅ ወለል የሰማዩንም፣ የደለሉንም፣ የጥላውንም ቀለም አቀላቅሎ የያዘ ስለሆነ፣ ከዚያ ሁሉ አንዲት ነጥብ አውጥቶ «ጣና ይህ ነው» ማለት ከዕጣ አይለይም።

ሌላው እንቅፋት ስክሪንና ግድግዳ በባሕርያቸው መለያየታቸው ነው። ስክሪን ራሱ ብርሃን ይረጫል፤ ግድግዳ ግን ያረፈበትን ብርሃን ከፊሉን ውጦ ከፊሉን ይመልሳል። በስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ በባልዲ ቀለም ጨርሶ የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ የመቀላቀያ ማሽኑም ወደዚያ የሚቀርበውን ይሰጣል እንጂ ያንኑ አያመጣም። ቀለም መሸጫ ውስጥ ቆሞ ቀላቃዩን ልጅ «አበላሸህብኝ» ብሎ መቆጣት ያለ ጥፋቱ መውቀስ ነው።

ከሁለቱም የሚብሰው ግን ቀለም ጎረቤት ያለው ነገር መሆኑ መዘንጋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪሱ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከቀረቡለት አቤቱታዎች አንዱ ለጥላ የሚገባው ጥቁር ክር ደብዝዞ ይታያል የሚል ነበር። ክሩን ሲመረምረው ማቅለሚያው እንከን አልነበረበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው በአጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ያካሄደውን ረጅም ጥናት በ1839 አሳተመ። የእኛ ሸማኔዎች መጽሐፉን ሳያነቡ ይህንን በእጃቸው ያውቁታል፦ ግራጫ ክር በቀይ ጥለት መካከል ሲገባ ወደ አረንጓዴ ያደላ ይመስላል፤ ያው ክር በአረንጓዴ መካከል ሲገባ ደግሞ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ታዲያ ከፎቶ ላይ አንድ ነጥብ ቆርጦ የሚያመጣ ሰው ያንን ቀለም ያሳመሩትን ጎረቤቶች በሙሉ እዚያው ትቷቸው ይመጣል።

ምን ይወሰድ ለሚለኝ ሰው ታንኳ ወደሚቆምበት የሐይቁ ዳር ሄዶ አንዱን ታንኳ ቀርቦ እንዲመለከት እመክራለሁ። ታንኳ የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ነው። ፀሐይ የመታው የላይኛው ክፍል ወደ ነጭ የሄደ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ውኃ የሚነካው የታችኛው ጎን ጠቁሮ ቡናማ ሆኗል፤ በእነዚህ መካከል ዳማ የሚባል ቀለም አለ፤ አዲስ በተሠራ ታንኳ ላይ ደግሞ ከእስሩ ሥር አረንጓዴነቱ ገና ያልለቀቀው ዘንግ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ፈዛዛው ሰፊውን ቦታ ይዟል፤ ጥቁሩ ከታች ተቀምጦ ክብደት ይሰጣል፤ አረንጓዴው ክር የምታህል ናት። መጻፍ ያለበት ይህ ልክ ነው። በዚሁ መሠረት አንድ ካፌ ውስጥ ግድግዳውን በፈዛዛው፣ ከወለል እስከ ወገብ ያለውን በቡናማው አስቀብቼ፣ አረንጓዴውን ለበርና ለመስኮቱ ጠርዝ ብቻ ሰጠሁት። ማንም ገብቶ «ይህ ታንኳ ነው» አላለም፤ ባለቤቱ ግን ሰዎች ረጅም ሰዓት መቀመጥ እንደ ጀመሩ ነግሮኛል። ይህ ለቡና ሽያጭ መልካም ይሁን አይሁን የእርሱ ሒሳብ ነው።

«ተፈጥሮ ቀለም አታሳስትም፤ ከእርሷ የተወሰደ ሁሉ ያምራል»

በመስከረም ሜዳውን የሚያለብሰውን አደይ አበባ የማይወድ ሰው አላውቅም። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከዚሁ ፍቅር የተነሣ የመኝታ ክፍሎቹን አራቱንም ግድግዳ በአደይ ቢጫ አስቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ጠራኝ። ቀለሙ የተመረጠው ከአበባው ጋር ተስተያይቶ ስለሆነ በመልክ ረገድ ስሕተት አልነበረበትም። ሆኖም ሜዳው ላይ ቢጫው በሰፊ አረንጓዴ መካከል የተበተነ፣ ከበላዩ የተከፈተ ሰማይ ያለው ነጠብጣብ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን አንዱ ግድግዳ ብርሃኑን ወደ ሌላው እየመለሰ ቢጫውን ያበረታዋል፤ ማታ መብራት ሲበራም የእንግዳው ፊት ጭምር ቢጫ ሆኖ ጉበቱን የታመመ ይመስል ነበር። ሦስቱን ግድግዳ ወደ ፈዛዛ ክሬም መልሰን፣ መጋረጃውን አረንጓዴ አድርገን፣ ቢጫውን ለትራስ ልብስና ለአንድ ጠባብ ግድግዳ አስቀረነው። ወጪው እጥፍ ሆነ፤ ያውም በቱሪስት ወቅት።

በነገራችን ላይ፣ ከሐይቁ ላይ «ደማቅ አረንጓዴና ለስላሳ ሐምራዊ» አገኘሁ ብለው የሚመጡ እንግዶች ያነሡት ፎቶ ብዙውን ጊዜ የእምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን እያስጨነቀ ያለ አረም ነው፤ ቀለሙ ማማሩ አይካድም፤ «የጣና ውበት» ብሎ በሆቴል ግድግዳ ላይ ማስቀመጥን ግን ዓሣ አስጋሪዎቹ በበጎ አያዩትም።

«የገዳማቱ ሥዕሎች ቀለም በሙሉ ከአበባና ከቅጠል የተጨመቀ ነው»

ይህንን የሚናገሩት አንዳንድ አስጎብኚዎች ናቸው፤ ጎብኚውም ሰምቶ ቅጠል መቀቀል ይጀምራል። በጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ላይ በተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች የተገኙት ቀለሞች አብዛኞቹ ማዕድናት ናቸው፦ የሜርኩሪና የድኝ ውሕድ የሆነው ቀይ ሲናባር፣ የአርሴኒክና የድኝ ውሕድ የሆነው ቢጫ ኦርፒመንት፣ ቀይና ቢጫ አፈር፣ ከከሰል የሚገኝ ጥቁር። ከተክል የሚገኘው ኢንዲጎም በመካከላቸው አለ። ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ደግሞ ከውጭ የመጡ የፋብሪካ ቀለሞች ገብተዋል። ስለዚህ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተው የሚያዩት ሁሉ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ቀለም የተሳለ አይደለም። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ጠርዙ በተላቀቀበት ቦታ ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው የጨርቁን ድርና ማግ ከቀለሙ ሥር ያገኘዋል።

ከእነዚህ ሥዕሎች ለመማር የሚፈልግ ሰው «ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ» ብሎ ጽፎ ከመውጣቱ በፊት ጥቁሩን መስመር ይመልከት። ደማቅ ቀይ ከደማቅ ቢጫ ጎን ተቀምጦ ዓይን የማይወጋው፣ ሠዓሊው በሁለቱ መካከል ጥቁር መስመር አስምሮ ስለ ለያቸው ነው። በሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት፣ ለምሳሌ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ደግሞ፣ በስተጀርባ ያለው ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ሲሸጋገር፣ የልብሱ ዕጥፋትም በጥላ ሲወፍር ይታያል። ጥለት ለሚሠራም ሆነ መጽሔት ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ነው፤ ቀዩን ብቻ ገልብጦ የሚሄድ ሰው ግን ከገበያ ሊገዛው ይችል ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ቃል የሚያስፈልጋቸው አይደሉም።

«ጃካራንዳ የባሕር ዳር የራሷ ቀለም ነው።» ዛፉ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ቀዩ የድሬዳዋ ዛፍም ከማዳጋስካር። ሁለቱም ጎዳናውን ማሳመራቸው እውነት ስለሆነ ከእነርሱ ቀለም መውሰድ ነውር የለበትም።

«የወፍ ሰማያዊ ከላባው ሊወጣ ይችላል።» በሐይቁ ዳር ከሸምበቆ ላይ ተወርውራ ዓሣ የምታወጣው የትንሿ ወፍ ሰማያዊ ማቅለሚያ የለውም፤ ላባዋ ውስጥ ያለው እጅግ ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን በትኖ ሰማያዊውን ይመልሰዋል። ላባው ቢወቀጥ ሰማያዊው ይጠፋል።

«በሦስቱ መሠረታዊ ቀለማት ሁሉም ቀለም ይቀላቀላል።» ለትምህርት ቤት ይበቃል፤ ማተሚያ ቤት እንኳ ጥቁር ይጨምራል፤ በሦስት ቀለም ብቻ ሁሉን የሚያወጣ አንድም ቀላቃይ የለም።

«ሰማያዊ ያረጋጋል፣ ቀይ ያስርባል።» በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በእርግጠኝነት የሚለጠፈውን ያህል የተረጋገጠ አይደለም፤ የክፍሉ መስኮት ወደየት እንደሚመለከት ከዚህ ይልቅ ይጠቅማል።

«ክሩ ሱቅ ውስጥ ተስማምቷል፤ በቃ።» አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የሐበሻ ቀሚስና የነጠላ ጥለት አንድ ዓይነት አረንጓዴ እንዲሆን ፈልገው ክሩን በሱቁ መብራት አስተያይተው ገዙ፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ሄደ። በአንድ ብርሃን የሚመሳሰሉ ሁለት ማቅለሚያዎች በሌላ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህ የነጋዴ ማጭበርበር አይደለም። ክርም ሆነ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ይዘውት ወደ ደጅ ይውጡ፤ ነጋዴው ቢያጉረመርም መያዣ ያስቀምጡለት። የግድግዳ ቀለም ከሆነ ደግሞ ትንሽ ገዝተው፣ ክንድ በክንድ በሚሆን ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ቀብተው፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ይጠቁራልና። ከዚያ በጠዋት፣ በቀትርና ማታ በመብራት ይመልከቱት። አምፖሉን መጀመሪያ ይምረጡ፤ ካርቶኑ ላይ 3000 ኬልቪን የተባለው ወደ ቢጫ፣ 6500 የተባለው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በአንዱ የተመረጠ ግድግዳ በሌላው ሌላ ነው።

«ነጭ ያው ነጭ ነው።» በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነጠላ ወደ ክሬም የሚያደላ ሙቅ ነጭ አለው፤ የፋብሪካው ጨርቅ ግን በዓይን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን የሚመልስ ማንጫ ስለሚጨመርበት ያበራል። ይኸው ማንጫ በብዙ የልብስ ሳሙና ዱቄቶች ውስጥም ስላለ ተደጋግሞ የታጠበ ነጠላ ከአዲሱ ይለያል። የቀለም ካታሎግ ላይ የሚደረደሩት ነጮች ብዙ የሆኑት ስለዚህ ነው። ቤቱን ነጭ ሊያስቀባ የሚሄድ ሰው የሚወደውን ነጠላ አጥፎ ይዞ ይሂድና ካታሎጉ ላይ ዘርግቶ ያስተያይ፤ «ነጭ ስጠኝ» ብሎ በስልክ ማዘዝ ግን ቀላቃዩ በዕለቱ የተረፈውን እንዲሰጠው መፍቀድ ነው።