ስለ ዳግ ፔደርሰን ሁሌ የምሰማቸው ስህተቶች

አሜሪካን ፉትቦል (የኛን ኳስ አይደለም፣ ያንን ሞላላውን በእጅ የሚወረወረውን) ስናወራ የዳግ ፔደርሰን ስም ከተነሳ ወሬው ሁሌ አንድ ነው። ሳይጫወት አሰልጣኝ የሆነ፣ እድለኛ፣ ዋንጫውን ሌላ ሰው ያመጣለት ምናምን። ስለሰውየው ብዙ ስላነበብኩ ጨዋታዎቹንም ደጋግሜ ስላየሁ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

"ተጫዋች እያለ ምንም አልሰራም"

ይሄ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። ኮከብ አልነበረም፣ እሱን ማንም አይክድም። በ1991 ከኮሌጅ ሲወጣ በድራፍት (ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው) የመረጠው ቡድን የለም፣ ማያሚ ዶልፊንስ እንዲሁ አስፈረመው፣ ከዛ ተባረረ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተባረረ። ቦታው ኳርተርባክ ነው፣ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ ወይ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ማለት ነው፣ ግን ከፊቱ የነበረው ዳን ማሪኖ ነበር። ማሪኖን ቁጭ አድርጎ እሱን የሚያስገባ ማን አለ?

በ1993 ማሪኖ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ተተኪው ስኮት ሚቸል ገባ። ኖቬምበር 14 ፊላደልፊያ ላይ እየተጫወቱ እሱም ትከሻውን ተጎዳና ሶስተኛው ሰውዬ ተነስ ተባለ፣ ያ ፔደርሰን ነው። ብዙ አልወረወረም፣ ብቻ ሳያበላሽ ጨረሰ፣ ማያሚ 19 ለ 14 አሸነፈ። ድሉ ደግሞ ለአሰልጣኙ ለዶን ሹላ 325ኛው ነበር፣ የጆርጅ ሃላስን ሪከርድ የሰበረበት። ሹላን ተጫዋቾቹ ትከሻቸው ላይ አውጥተው ሲሸከሙት ሁሉም ያስታውሳል፣ ጨዋታውን የጨረሰው ኳርተርባክ ማን እንደነበር ግን የሚያስታውስ ብዙ የለም።

ቀጥሎ ግሪን ቤይ የሚባለው ቡድን ሄደ፣ እዛ ደግሞ ከፊቱ ያገኘው ብሬት ፋቭርን ነው። ፋቭር ማለት 297 ጨዋታ በተከታታይ ቋሚ ሆኖ የገባ ሰውዬ ነው እንግዲህ፣ የሱ ተጠባባቂ መሆን ምን እንደሚመስል አስቡት። ግን ሰዎች የማይገባቸው ነገር አለ፣ ተጠባባቂ ኳርተርባክ ተቀምጦ አይደለም የሚውለው። ጆሮው ላይ ሄድሴት አለ፣ የተጋጣሚ ተከላካዮች እንዴት እንደቆሙ የሚያሳይ ፎቶ ያኔ ታትሞ ይመጣለት ነበር፣ ቋሚው ከሜዳ ሲወጣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ያ ልጅ እኮ ወደዚህ እየመጣብህ ነው" ብሎ የሚያሳየው እሱ ነው። አስር ዓመት በላይ እንደዛ አደረገ። በጃንዋሪ 1997 ግሪን ቤይ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስን 35 ለ 21 ሲያሸንፍም የሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) አሸናፊዎች የሚሰጣቸውን ቀለበት አግኝቷል።

"አንዲ ሪድ ወዳጁ ስለሆነ ጎትቶ አስገባው"

ሪድ ያውቀዋል፣ እውነት ነው፣ ግሪን ቤይ ረዳት አሰልጣኝ እያለ ነው የተዋወቁት። በ1999 ሪድ ፊላደልፊያ ኢግልስ ላይ ዋና አሰልጣኝ ሲሆንም ይዞት ሄደ። ግን ለምን? ዶኖቫን ማክናብ የሚባል አዲስ ልጅ ተመርጦ ነበር፣ ልጁ እስኪበስል ቦታውን እንዲጠብቅለት ነው። ፔደርሰን 9 ጨዋታ በቋሚነት ተጫወተ፣ የከተማው ደጋፊ ማክናብን አምጡልን እያለ ጮኸበት፣ ከዛ ቤንች። ወዳጅነት ከሆነ እንግዲህ ይሄ ነው።

ከ2004 በኋላ መጫወት ሲያቆም ደግሞ ቀጥታ ትልቁ ሊግ አልገባም። ሉዊዚያና ሽሪቭፖርት ወርዶ ካልቫሪ ባፕቲስት የሚባል ትምህርት ቤት የሃይስኩል ልጆች አሰለጠነ። አራት ዓመት ሙሉ! የሱፐር ቦውል ቀለበት ያለው ሰውዬ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ጋ። በ2009 ሪድ ሲጠራው የሰጠው ቦታ ከረዳቶቹ ሁሉ የታችኛውን ነው፣ ቪዲዮ መቁረጥ፣ ወረቀት ማዘጋጀት እንትን። በ2011 የኳርተርባኮች አሰልጣኝ፣ በ2013 ከሪድ ጋር ካንሳስ ሲቲ፣ በ2016 የኢግልስ ዋና አሰልጣኝ። ከሽሪቭፖርት እስከዛ 11 ዓመት ነው፣ መጎተት ከሆነ በጣም ቀስ ያለ ጉተታ ነው።

"አሰልጣኝ ምን ያደርጋል፣ ዳር ቆሞ ማጨብጨብ ነው"

ይሄን የሚለው የኛን ኳስ ብቻ ያየ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። እዚህ ጨዋታው በየሰከንዱ ይቆማል፣ በየመሃሉ 40 ሰከንድ አለ፣ አሰልጣኙ ቀጣዩን እንቅስቃሴ መርጦ በሬዲዮ ኳርተርባኩ ሄልሜት ውስጥ ይናገራል፣ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ሬዲዮው ይዘጋል። ኢግልስ ላይ ይሄን የሚመርጠው ራሱ ፔደርሰን ነበር።

"ቁማርተኛ ነው"

አንድ ቡድን 10 ያርድ (አንዱ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ሶስቱ ከከሸፉ አብዛኛው አሰልጣኝ በአራተኛው ኳሱን በእግር አርቆ ይመታዋል፣ ምክንያቱም ሞክሮ ካልተሳካ ኳሱ እዛው ለተጋጣሚ ይሰጣል። ፔደርሰን ግን በ2017 መደበኛ ጨዋታዎች 26 ጊዜ ሞክሮ 17ቱ ተሳካ። በደመነፍስ አልነበረም፣ ከየትኛው ቦታ ስንት ያርድ ሲቀር መሞከር እንደሚያዋጣ ቀድሞ የተሰላ ነገር ነበር፣ በጨዋታው ሰዓትም ሄድሴቱ ላይ ስሌቱን የሚነግረው ሰው ነበረው። ድፍረት የሚባለው ስሌቱ ሞክር ሲልህ ስታዲየም ሙሉ ሰው እያየህ እሺ ማለቱ ላይ ነው።

"ፊሊ ስፔሻል እዛው የተፈጠረች ነገር ናት"

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሱፐር ቦውል፣ አሁንም ፓትሪየትስ። ዕረፍት ሊወጡ 38 ሰከንድ ቀርቷል፣ ኢግልስ 15 ለ 12 እየመራ ነው፣ የተጋጣሚ መጨረሻ መስመር ጋ ለመድረስ 1 ያርድ፣ አራተኛ ሙከራ። ኳሱን በእግር ወደ ጎሉ መትቶ ሶስት ነጥብ ወስዶ መግባት ነበር የሚጠበቀው። ኳርተርባኩ ኒክ ፎልስ ወደ ዳር መጣና "ፊሊ ፊሊን ትፈልጋለህ?" አለው፣ ፊሊ ስፔሻል የምትባለዋን የማታለያ እንቅስቃሴ ማለቱ ነው። ፔደርሰን ለአፍታ ዝም አለ፣ ወረቀቱን ይዟል፣ ከዛ "አዎ፣ እናድርገው" አለ።

ኳሱ ለኮሪ ክሌመንት ቀጥታ ሄደ፣ እሱ ለትሬይ በርተን፣ በርተን ደግሞ ማንም ልብ ሳይለው ወደ ጥግ ለሾለከው ለፎልስ ወረወረለት፣ ታችዳውን (ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ ነጥብ ማግባት)። ፈጠራ አይደለችም፣ ቺካጎ ቤርስ ከዛ በፊት በነበረው ሲዝን ተጫውቷታል፣ ኢግልስ ወስደው አስቀድመው ተለማምደዋታል። የሚገርመው እዛው ጨዋታ ላይ ፓትሪየትስም ተመሳሳይ ነገር ሞክረው ለቶም ብሬዲ የተወረወረለትን ኳስ ጥሎታል።

"ዋንጫው የፎልስ ነው"

ፎልስ 373 ያርድ ወርውሮ የጨዋታው ኮከብ ተብሏል፣ ይገባዋል። ግን ቋሚው ካርሰን ዌንትዝ ዲሴምበር ላይ ጉልበቱ ሲበጠስ ተጠባባቂውን ያዘጋጀው እድሜውን በተጠባባቂነት የጨረሰ ሰው ነው። ፎልስ በ2012 ጀማሪ እያለ የኳርተርባኮች አሰልጣኙም እሱ ነበር። ደግሞ 5 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ሲቀር 33 ለ 32 እየተመሩ፣ አራተኛ ሙከራ፣ 1 ያርድ፣ ገና በራሳቸው ሜዳ፣ እዚያ ላይ እንሞክር ያለው ፎልስ አይደለም። ለዛክ ኧርትዝ ተወረወረ፣ ተሳካ፣ በመጨረሻም 41 ለ 33። ተጫውቶም አሰልጥኖም ሱፐር ቦውል ካሸነፉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነ፣ ማይክ ዲትካና ቶኒ ዳንጂ ያሉበት ዝርዝር ነው።

"ከዛ በኋላ ጠፋ"

አልጠፋም፣ ተባረረ እንጂ። ከስታዲየሙ ውጪ የሱና የፎልስ ሐውልት ቆሟል፣ ፊሊ ስፔሻልን ሲመካከሩ፣ ሐውልቱ ሶስት ዓመት ሳይሞላው በጃንዋሪ 2021 በ4 ድል፣ በ11 ሽንፈትና በአንድ አቻ ምክንያት ኢግልስ አሰናበቱት። በ2022 ጃክሰንቪል ጃጓርስን ያዘ፣ እዛም በ2024 13 ጊዜ ተሸንፎ ወጣ። ያም ድሮስ እድል ነው ለሚሉት ማስረጃ ሆነላቸው።

እኔ ግን ሁሌ የማነሳው ጃንዋሪ 14 ቀን 2023ን ነው። ተጋጣሚው ቻርጀርስ 27 ለ 0 እየመራ ነበር፣ የጃጓርሱ ኳርተርባክ ትሬቨር ሎውረንስ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ አራት ኳስ ለተጋጣሚ አስረክቧል፣ ፔደርሰን ግን አላወጣውም፣ ልጁም አራት ታችዳውን ወረወረ። መጨረሻ ላይ 30 ለ 28 ሆኖ ሰዓቱ እያለቀ እንደገና አራተኛ ሙከራ፣ እንደገና 1 ያርድ። ሞከረ። የጃጓርሱ ሯጭ ኢቲየን ኳሱን ይዞ 25 ያርድ ሮጠ፣ ከዛ በእግር መቺው ገብቶ ሶስት ነጥብ አመጣና 31 ለ 30።