ከባፈር መስመር ስለማንበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጽሑፍ ለሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች (ኤዲተሮች)፣ ማለትም ለቪም፣ ለኒዮቪም ወይም ለኢማክስ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ገና ከጅምሩ የሚያስፈልገው ነገር የባፈሩን መስመሮች አውጥቶ ማንበብ ነው። ሥራው ቀላል ስለሚመስል መመሪያውን ገልጦ የሚያይ ጥቂት ነው።

«ባፈር ማለት ፋይሉ ነው።» አይደለም። ፋይሉ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ባፈሩ ደግሞ ኤዲተሩ በማህደረ ትውስታ የያዘው ጽሑፍ ነው። ተጠቃሚው ጽፎ ያላስቀመጠው ለውጥ በባፈሩ ብቻ ይገኛል፤ ፋይሉን ከዲስክ የሚያነብ ፕሮግራም የሚያየው የቆየውን ነው። በቪም ደግሞ ስሙ የተመዘገበ ባፈር ሁሉ ተጭኗል ማለት አይደለም። ያልተጫነ ባፈር መስመሮቹን ሲጠየቅ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፤ ተጭኖ ምንም ያልተጻፈበት ግን አንድ ባዶ መስመር ያለበትን ዝርዝር።

«የመስመር ቁጥር የትም ቢሆን ከ1 ይጀምራል።» ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። መስመር አውጥቶ የሚሰጠው የቪም ጌትላይን (getline) ፈንክሽን በእርግጥ ከ1 ይቆጥራል፤ መጨረሻ የተባለውንም መስመር ይጨምራል። 3 እና 5 ቢሰጡት 3ኛውን፣ 4ኛውንና 5ኛውን ያመጣል። ኒዮቪም ይህንኑ ፈንክሽን እንደያዘ፣ በራሱ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ኤዲተሩን የሚያዙበት መንገድ) በኩል ከ0 የሚቆጥርና የመጨረሻውን ቁጥር የማይጨምር ሌላ መንገድ አለው። ለእነዚያው ሦስት መስመሮች 2 እና 5 መስጠት ያሻል። በስሕተት 3 እና 5 የሰጠ ሰው 4ኛውንና 5ኛውን ብቻ ያገኛል፤ ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም። ከባፈሩ ወሰን ያለፈ ቁጥር እንኳ፣ እንዲህ ያለውን ቁጥር ስሕተት ብሎ የሚያስቆመው ጥብቅ ቁጥጥር ካልተከፈተ በዝምታ ወደ ወሰኑ ይመለሳል። በእኔ እምነት ኮዱ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ይህን ቁጥጥር ዘግቶ መሥራት ችግርን መጋበዝ ነው።

«አንድ ፊደል አንድ ቦታ ይይዛል።» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የማህደረ ትውስታ መለኪያ) ነው፤ ስለዚህ «ሰላም» 3 ፊደል ሆኖ 9 ባይት ይሆናል። ቪም በመስመር ውስጥ ያለውን ቦታ በተለምዶ የሚቆጥረው በባይት ነው። ከዚህ ቃል የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች የቆረጠ ኮድ «ሰ»ን እና የተሰበረ የ«ላ» ቁራጭ ይዞ ይመጣል። በፊደል የሚቆጥሩና የሚቆርጡ ፈንክሽኖች ለብቻቸው አሉ፤ ሙከራውም በአማርኛ መስመሮች ቢደረግ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ኢማክስ የባፈሩን ቦታዎች በፊደል ስለሚቆጥር ይህ ጣጣ እዚያ የለም።

በስክሪን ላይ ታጥፎ ሦስት ረድፍ የሚይዝ አንቀጽ በባፈሩ ውስጥ አንድ መስመር ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጋ።

«የተመለሰውን ዝርዝር ብቀይረው ባፈሩ ይቀየራል።» ዝርዝሩ ቅጂ ነው፤ ለውጡ እንዲገባ እንደ ሴትላይን (setline) ባለ ፈንክሽን መልሶ መጻፍ ግድ ነው። መስመሮቹም ያለ መስመር መቀየሪያ ምልክታቸው ስለሚመጡ፣ አንድ ላይ የሚያያይዛቸው ሰው ምልክቱን ራሱ ይጨምራል። ኢማክስ በአንጻሩ ባፈሩን እንደ አንድ ረጅም ተከታታይ ጽሑፍ ይይዛል፤ መስመር የሚገኘው ጅማሬውና ፍጻሜው ተፈልጎ ነው። በተለመደው ፈንክሽን የተቆረጠው ጽሑፍ ቀለሙን ጭምር ይዞ ይወጣል፤ ጽሑፉን ብቻ የሚሰጥ ሌላ ፈንክሽን ግን አለ።

«መስመሮቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ይሻላል» የሚሉም አሉ። ከኒዮቪም ውጭ በሌላ ፕሮሰስ የሚሠራ ፕሮግራም ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል። በጥያቄዎቹ መካከል ተጠቃሚው አንድ መስመር ቢሰርዝ ደግሞ ከዚያ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ይዛባሉ፤ የሚያስፈልገውን ክልል በአንድ ጥያቄ መውሰድ ሁለቱንም ያስቀራል።